ሁለተኛው ጉርሻ

ጦርነቱ ጤፍን ከገበያ ያጠፋበት ጊዜ ነበር። ከወልድያ ወደ መርሳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንዲት ወጣት እናት ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ልጅቱ ታቃስታለች። አጠገባቸው ያሉት አሮጊት ጠየቁ።

«ምን ሆና ነው ልጄ?»

«ሆዷን ነው እማማ። ስንዴ አይስማማትም። ሐኪሙም እንዳትቀምስ ብሏል።»

«አላህ ያሽራት። ታዲያ ማን አበላት?»

«አያቷ፣ የአባቷ አባት። ወልድያ ምሳ ልንበላ ምግብ ቤት ገባን። እንጀራው ስንዴ አለበት ሲሉኝ ለሷ ለብቻዋ ሩዝ አዘዝኩላት።»

«ለሳቸው አልነገርሻቸውም?»

«ነግሬያቸው ነበር፤ ረሱት። ቀና ስል የጠቀለሉት ጉርሻ አፏ ደርሷል።»

«እጃቸውን አትይዢም ነበር?»

«እንዴት ብዬ ልያዝ? ልጃቸው ግንባር ላይ ከሞተ ወዲህ እህል የሚቀምሱት ተለምነው ነው። ዛሬ ገና ማንም ሳይለምናቸው እጃቸውን ታጠቡ። ሲያጎርሷትም ‹ይቺ የአባትሽ ናት› አሏት።»

አሮጊቷ ወደ ልጅቱ ጎንበስ አሉ።

«እሷስ ስንዴ መሆኑን አላወቀችም?»

«አውቃለች እንጂ። አንድ ጉርሻ ብቻ አይሆንም ብለው ሁለተኛውን ሲጠቀልሉ ልናገር አልኩ። በጠረጴዛው ስር እጄን ጭብጥ አድርጋ ያዘችኝና አፏን ከፈተችላቸው።»

ለልጆቼ ከወልድያ የገዛሁትን ትኩስ ዳቦ ከጭኔ ላይ አንስቼ ከመቀመጫዬ ስር አስገባሁት።