የገዛ ጡቷን የምትጠባው ላም

ወተት ልገዛ ወደ ጎረቤቴ በረት ስሄድ፣ አላቢዋን ሴት ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ አገኘኋት። የላሟ ጡት ሳምንት ሙሉ ባዶ እየሆነ ስላስቸገረ፣ ባለ ላሙ ጋሼ በወተት ገዢዎች ፊት «ሌባ!» ብለው አባረዋታል። እኔም፣ ተማርኩ ባዩ፣ አምኜ ከንፈሬን መጥጬ ነበር።

«ስሜ ሳይጸዳ ንቅንቅ አልልም» አለችኝ።

ይህን ጊዜ የጋሼ የእህት ልጅ፣ የእንስሳት ሐኪሟ፣ ከበረቱ ብቅ አለች።

«አጎቴ፣ ሌባዋን ይዣታለሁ፤ ላሟ ናት። ራሷን ትጠባለች።»

«በሬ ወለደ በይኛ!» አሉ ተከትለዋት የወጡት ጋሼ። «እኔም መጀመሪያ ላሟን ጠርጥሬ ጡቷን በሬት ለቅልቄዋለሁ! ሬት ማን ይጠባል?»

«ይምጡና ይዩ።»

በግድግዳው ስንጥቅ አየን። ላሟ አንገቷን ቆልምማ ጡቷን ከነሬቱ ትመጠምጠዋለች። ልጅ ጡት በሚያስጥሉበት መላ ላም ሊያስጥሉ ያሰቡት ጋሼ አማተቡ።

«እርግማን ነው» አሉ።

«አመል ነው እንጂ። አይቆጡኝና፣ ያስለመዷት እርስዎ ነዎት። ጥጃ ሳለች ወተቷን በባልዲ ይሰጧት ነበር፤ በአንድ ትንፋሽ ጭልጥ ታደርግና ከሌሎቹ ጥጆች ጋር ትታጎራለች። የመጥባት አምሮቷ ሳይወጣላት የጓደኞቿን ጆሮና እምብርት ስትጠባ አደገች።»

«ታዲያ ምን ይበጃታል?»

ሐኪሟ ሹል ጥርሶች ያሉት የአፍንጫ ቀለበት አሳየቻቸው። «ሣር ስትግጥ አያስቸግራትም፤ ጡቷን ስትጠጋ ግን ይወጋታልና ትተዋለች። ጡቷ አለመቁሰሉን መርምሬያለሁ። ድርቆሽና የሚላስ ጨው አያጓድሉባት። ጥጆቹም ከጎማ ጡት ቀስ እያሉ ይጥቡ፤ ከዚያ የወተቱ ነገር እስኪረሳቸው ለየብቻ ይቆዩ።»

ጋሼ ወደ አላቢዋ ዞረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በቃ ተመለሺ» አሏት።

«ሲያባርሩኝ ጮኸው ነበር» አለች።

ጋሼ ኩሩ ሰው ናቸው፤ ወደ ቤታቸው ገቡ። በማግሥቱ ግን ገዢው ሁሉ ጆጉን ይዞ በተሰለፈበት ሰዓት በረንዳው ላይ ወጥተው ቆሙ።

«ስሙኝ! ይቺን ሴት ሌባ ያልኩት ተሳስቼ ነው። ላሜ ራሷን ትጠባ ነበር፤ አመሉንም ያስያዝኳት እኔ ነኝ። ይህን የነገረችኝ የእህቴ ልጅ ናት፤ እንኳን ተማረች! እናንተም ወተት ጎደለ ብላችሁ ሰው ከመጠርጠራችሁ በፊት ሐኪም ጥሩ። ወተቱ ለባለቤቱ ይተርፋል፣ የላሟ ጡት ከቁስል ይድናል፣ የሰውም ስም አይጠፋም።»

በዕድሜዬ ብዙ ንግግር ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ ያኮራኝ የለም። አላቢዋ አንገቷን ቀና አድርጋ በሰልፈኛው መሃል አለፈች። ጋሼ ባልዲውን በሁለት እጃቸው ሰጧት።