የተቆለፈው ሊፍት

(አዲስ አበባ፣ ባለ ስምንት ፎቅ የቢሮ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፤ የኢንሹራንስ ሠራተኛዋ ወይንሸት በክራንቿ ተደግፋ የተቆለፈው ሊፍት ፊት ቆማለች፣ የሕንፃው ሥራ አስኪያጅ አስናቀ አረንጓዴ ቲሸርት ለብሶ ሊመልሳት ይሞክራል።)

ወይንሸት፦ አልሄድም አልኩህ። ስንት ጊዜ ልንገርህ?

አስናቀ፦ እትዬ ወይንሸት፣ ከአለቃዎ ጋር ተነጋግሬ የአንድ ቀን ፈቃድ አስወጣሁልዎት እኮ። ቤትዎ አረፍ ይበሉ። ነገ ይመለሳሉ።

ወይንሸት፦ ማን ደከመኝ አለህ? ዕረፍት ያማረኝ ቀን ራሴ እጠይቃለሁ። አሁን ቁልፉን አምጣና ክፈትልኝ፤ ስድስተኛ ፎቅ፣ ጠረጴዛዬ ላይ መቀመጥ ነው የምፈልገው።

አስናቀ፦ ገምጋሚዎቹ ዛሬ እንደሚመጡ ያውቃሉ። የአረንጓዴ ሕንፃ ሰርተፍኬት የሚሰጡን እነሱ ናቸው። ወሩን ሙሉ ሊፍት አቁመን ሠራተኛው በደረጃ ሲወጣ ሲወርድ የከረመው ለዚህ ነው። መብራት ቆጠብን፣ ሰውም ጤና አገኘ። እኔን ይዩኝ፣ ሱሪዬ ሁሉ ሰፍቶኛል።

ወይንሸት፦ አየሁህ፣ አምሮብሃል። እኔ ደግሞ ደረጃ መውጣት ስለማልችል ወሩን ሙሉ እዚህ ምድር ቤት የጽዳት ዕቃ ክፍል ውስጥ በረኪና ሳሸት ከረምኩ። መኪናው የተጋጨበት ሰው አንጀቱ አርሮ ሲመጣ መጥረጊያ መሀል ነው የማስተናግደው። ትናንት አንዱ የጽዳት ኃላፊ መስዬው፣ ሽንት ቤቱ ለምን ውሃ የለውም ብሎ አፈጠጠብኝ።

አስናቀ፦ ጊዜያዊ ነው ብዬዎታለሁ።

ወይንሸት፦ ጊዜያዊ ከሆነ ጠረጴዛዬን ለአዲሷ ልጅ ለምን ሰጧት? ዕቃዬን በካርቶን አድርገው ላኩልኝ። አለቃዬን ብጠይቀው ሊፍቱ እስኪከፈት ነው፣ አስናቀን ጠይቂ አለኝ። አንተ ሰርተፍኬቱ እስኪሰጥ ትላለህ። ከተሰጠ በኋላስ?

አስናቀ፦ እሱን ያኔ እናየዋለን።

ወይንሸት፦ ዓይኔን እያየህ ተናገር።

አስናቀ፦ የሕንፃው ባለቤት በዚያው ተዘግቶ ይቅር ብለዋል። እኔ ምን ላድርግ፣ ተቀጣሪ ነኝ። ሦስት ፎቅ ሊከራይ የመጣ ድርጅት አለ፣ ሰርተፍኬት ከሌለ አልገባም ብሏል።

ወይንሸት፦ በዚያው ይቅር። ጎሽ። እኔም በዚያው ምድር ቤት ልቅር ማለት ነው። ስማኝ አስናቀ፣ ድሮ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ሊፍት አልነበረውም። በዚህ እግሬ ሦስተኛ ፎቅ እየወጣሁ ብብቴ ቆስሎ ነበር። እዚህ ሊፍት አለ ሲሉኝ ስለ ሌላው ሳልጠይቅ መጣሁ። የመጀመሪያ ቀን ብቻዬን ገብቼ፣ በሩ ሲዘጋ፣ ከደስታ ብዛት አለቀስኩ። አሁን አንተ በቲሸርት ልታባርረኝ ነው።

አስናቀ፦ ኧረ ማን አባረረዎት?

ወይንሸት፦ ከሥራዬ ነጥላችሁ መጋዘን አስገባችሁኝ፣ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ቤትሽ ተደበቂ አላችሁኝ። ሌላ ስም ካለው ንገረኝ። መብራት ጠፍቶ ሊፍቱ ውስጥ አብረን የተዘጋን ዕለት እጄን ይዘህ ስትንቀጠቀጥ፣ አይዞህ ያልኩህ እኔ አልነበርኩም?

አስናቀ፦ ይኸን ለሰው አያውሩብኝ። ድምፅዎንም ይቀንሱ፣ በእናትዎ። ሠራተኛው ተሰልፏል። እንግዶቹ ሲደርሱ ሁላችንም በአንድነት እስከ ስምንተኛ ፎቅ እንወጣለን።

ወይንሸት፦ መብራት ቆጠብን ትላለህ ደግሞ። ያንን የሚያህል ባነር ሕንፃው ላይ ሰቅለህ መስኮታቸውን ስለጋረድክባቸው አራተኛና አምስተኛ ፎቅ በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርተው ነው የሚውሉት።

አስናቀ፦ ባነሩ ይወርዳል።

ወይንሸት፦ ይውረድ። እኔ ግን እወጣለሁ። ቲሸርት አምጣ።

አስናቀ፦ የምን ቲሸርት?

ወይንሸት፦ የለበስከውን ዓይነት። ለሠራተኛ ሁሉ ሲታደል እኔን ዘላችሁኛል። ሠራተኛ ነኝ፤ በደረጃ ውጡ ተብሏል፣ እወጣለሁ።

አስናቀ፦ ይተዉ እትዬ፣ ይወድቃሉ።

ወይንሸት፦ ብወድቅ ታነሳኛለህ፣ ጤና አግኝተህ የለ? ቲሸርቱም ይቅርብኝ። ዞር በል።

አስናቀ፦ እባክዎ ይመለሱ። የገምጋሚዎቹ መኪና ቆመ። እየወረዱ ነው።

ወይንሸት፦ እንኳን ደህና መጣችሁ በላቸው። እኔ መንገዴን ጀምሬያለሁ።

አስናቀ፦ ቢያንስ ጥጉን ይያዙና ሠራተኛው ይለፍ።

ወይንሸት፦ የቱን ጥግ? የደረጃውን ግማሽ አጥራችሁ ለሞባይል ከቨር ሻጭ አከራይታችኋል። ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ከኋላዬ ይምጡ።

አስናቀ፦ ይኸ ሁሉ ሰው በእርስዎ እርምጃ ሊሄድ?

ወይንሸት፦ ወር ሙሉ እኔ እናንተን ጠበቅኩ። ለአንድ ጠዋት እናንተ እኔን ብትጠብቁ ምን ትሆናላችሁ?

አስናቀ፦ ኧረ ሠራተኞቹን ይስሟቸው፣ ጭራሽ ማጨብጨብ ጀመሩ። የሒሳብ ክፍሏ ጌጤ ቦርሳሽን ልያዝልሽ እያለችዎት ነው።

ወይንሸት፦ ትያዝልኝ። ተባረኪ ጌጤ።

አስናቀ፦ ዋናዋ ገምጋሚ መጣች። ሰልፉ ለምን ቆመ ብላ እየጠየቀችኝ ነው። ምን ልበላት?

ወይንሸት፦ ያለውን።

አስናቀ፦ ያለውን ከነገርኳት አለቀልን። እሺ፣ ይኸው ቁልፉ። እንግዶቹን ሻይ ልጋብዝ ብዬ ወደ ካፌው ልውሰዳቸው፤ እርስዎ እስከዚያ ማንም ሳያይ በሊፍቱ ይውጡ።

ወይንሸት፦ ማንም ሳያየኝ የከረምኩት ይበቃኛል። ዛሬስ እታያለሁ።

አስናቀ፦ ክራንችዎ እየተንሸራተተ ነው።

ወይንሸት፦ ይንሸራተት።

አስናቀ፦ ገና የመጀመሪያው ፎቅ ላይ እንኳ አልደረሱም። እንዴት አድርገው ነው ስድስተኛ የሚደርሱት?

ወይንሸት፦ እስክደርስ ድረስ እሄዳለሁ። ምሳ ሰዓት ከደረሰብን እዚሁ ደረጃው ላይ እንበላለን።

አስናቀ፦ እትዬ ወይንሸት፣ ልለምንዎት። ለዛሬ ልክፈተው፣ ሰው ሁሉ እያየ።

ወይንሸት፦ ለዛሬ ከሆነ ቁልፉን ኪስህ ክተተው።

አስናቀ፦ በቃ። ከአሁን ጀምሮ አይዘጋም። ለፈለገው ሰው ሁሉ ክፍት ነው። ጠረጴዛዎንም ለአለቃዎ ራሴ ነግሬ አስመልሳለሁ። ባለቤቱ ከተቆጡ በእኔ ይቆጡ። ሰሙኝ?

ወይንሸት፦ እኔማ ሰማሁህ። ዞር በልና ለገምጋሚዋ ንገራት።