የለም ያሉኝ ሽማግሌ

ሰሞኑን የምጽፈው ፕሮግራም ከኮምፒውተሩ አንዲት ትንሽ ፋይል ያነባል። ፋይሏ ውስጥ የድረ ገጽ ስም ሲነገራቸው አድራሻውን የሚጠቁሙ ሰርቨሮች በተራ ተጽፈዋል። የመጀመሪያው ዝም ካለ ፕሮግራሜ ሁለተኛውን ይጠይቃል፤ «በዚህ ስም የሚታወቅ የለም» ካለው ግን አምኖ ይተዋል፣ ሌላ አይጠይቅም። ደንቡ እንዲያ ነው።

ይህንኑ እየሠራሁ ጓደኛዬ ደወለ፤ አባቱ አያ ይመር ማረፋቸውን ነገረኝ። ቀብሩ ሳያመልጠኝ ብዬ በባጃጅ ከሐይቅ ከተማ ወደ መንደራቸው ወረድኩ። ቤቱን ስለማላውቀው፣ ሐይቁ ዳር የዓሣ መረብ የሚጠግኑ ሽማግሌ አየሁና «አባባ፣ የአያ ይመር ቤት በየት ነው?» አልኳቸው።

ቀና እንኳ ሳይሉ «እዚህ ይመር የሚባል የለም» አሉኝ።

እኔም አመንኩ። ልመለስ ስዞር ግን «ታዲያ ለቅሶው የት ይሆን?» አልኩ ለራሴ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

መረቡ ከእጃቸው ወደቀ። «የማን ለቅሶ?»

«የአያ ይመር። ጠዋት አረፉ።»

«ኢንና ሊላሂ!» ብለው ተነሡ። ከንጋት ጀምሮ ሐይቁ ላይ ስለነበሩ አልሰሙም። ክንዴን ይዘው ዳገቱን እየመሩኝ «ተኳርፈን ነው የኔ ልጅ» አሉኝ። «ሰው ስለሱ ሲጠይቀኝ የለም ነው የምለው።»

የለቅሶው ድምፅ ሲሰማ ደጁ ላይ ቆሙ። «ስንቴ የለም አልኩ! ዛሬ እውነት ሆነብኝ» አሉና በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ስመለስ ኮዱን ከፍቼ ያቺን «የለም» ሲባል አምና የምትተው መስመር ደጋግሜ አየኋት። አልቀየርኳትም፤ ሰርቨር ኩርፊያ አያውቅም።