የዘይት ታንኩን ከጋቢናው ያላነሡት አቶ ፍቅረማርያም ዱባለ

አቶ ፍቅረማርያም ዱባለ ከአባታቸው ከአቶ ዱባለ ወልደሰንበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩብርሃን አየለ በ1952 ዓ.ም. ቀራንዮ ተወለዱ። በሰፈራቸው ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው፣ የቀረውን ከሞተር ሥር ተኝተው ተማሩት፤ ይህንንም ሲናገሩ አያፍሩም ነበር።

በ1971 ዓ.ም. አየር ጤና በሚገኝ ጋራዥ በመካኒክነት ተቀጥረው፣ በ1978 ዓ.ም. ከወይዘሮ ወለተጻድቅ ጋር በቁርባን ተጋብተው ፀሎትንና ማራኪን ወለዱ። ኋላም ከባልንጀራቸው ከአቶ ኢብራር ጋር የራሳቸውን ጋራዥ ከፍተው አሮጌ ፊያቶችን ለእሽቅድምድም ያሰናዱ ጀመር።

ጥፋታቸውን እንድንሸፍንላቸው አይፈልጉምና እንናገረዋለን። የእሽቅድምድም ሞተር በየኩርባው ዘይት እንዳያጥረው ዘይቱ ለብቻው በታንክ ይቀመጣል፤ በ1996 ዓ.ም. በሠሯት መኪና ላይ ይህንን ታንክ ከኋላ፣ ከፓራውልቱ አጠገብ አሰሩት፤ ምክንያታቸውም ቦታው ሰፊ፣ ብየዳውም ቀላል መሆኑ ብቻ ነበር። በውድድሩ መካከል መኪናዋ ከኋላ ስትገጭ ታንኩ ተቀደደ፣ ዘይቱም በጋለው ጭስ ማውጫ ላይ ፈሶ ተቀጣጠለና መሪውን የያዙት አቶ ኢብራር ግራ እግራቸውን አጡ። አቶ ኢብራር በዚያው ሳምንት ይቅር አሏቸው፤ እሳቸው ግን ራሳቸውን ይቅር አላሉም።

ከዚያ ወዲህ በሠሩት መኪና ሁሉ የጋቢናውን ወንበር ነቅለው፣ ታንኩን በዚያ ቦታ ከወለሉ ጋር አስረው፣ በወፍራም ላሜራ ሣጥን ዘግተው ከሾፌሩ ይለዩት ነበር፤ ከፊትም ከኋላም የሚመጣ ግጭት በቀላሉ አይደርስበትምና። ከኋላ ይሻላል ብሎ የሚከራከራቸውን ሰው፣ እርስዎ ባሉት ቦታ ልሰረውና የራስዎን ልጅ መሪ ያስይዛሉ ወይ ብለው ይጠይቁታል፤ አዎ ያለ አንድም ሰው አልተገኘም።

ማራኪ መወዳደር እንደምትፈልግ በነገረቻቸው ጊዜ ሁለት ዓመት ሙሉ ደክመው መኪና ሠሩላት። የውድድሩ ኮሚቴ ግን ዘይት ከሾፌር ጎን አይቀመጥም፣ ወደ ኋላ ይዛወር ብሎ ሁለት ጊዜ መለሳት። ኩላሊታቸውን ታመው ከአልጋ እንዳይወርዱ ሐኪም ካዘዛቸው በኋላ እንኳ በሰው ተደግፈው ኮሚቴው ፊት ቀርበው፣ ታንኩ ከኋላ ታስሮ ልጄ ብትቃጠል ኃላፊነቱ የእኛ ነው ብላችሁ ፈርሙልኝ አሉ፤ የፈረመ የለም፣ የፈቀደም የለም። ማራኪ አባቷ ዓይናቸው ሳይከደን ስትወዳደር እንዲያዩዋት ጓጉታ፣ ለአንድ ቀን ብቻ እናዛውረው ብላ ስትለምናቸው አለቀሱ፤ እምቢታቸውን ግን አልተዉም።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ዛሬ ጧት ኮሚቴው በላከው የሐዘን ደብዳቤ፣ ታንኩ ወደ ኋላ ከተዛወረ መኪናዋ በስማቸው በሚሰየም ውድድር እንድትሳተፍ መፍቀዱን አስታውቋል። ኮሚቴው ሐዘኑን ስለተጋራው ቤተሰቡ ያመሰግናል። መልሱን ማራኪ በገዛ እጇ ጽፋ ልካለች፤ መኪናዋ አባቴ እንደሠሯት ትወዳደራለች፣ አለዚያ ከደጃችን አትነቃነቅም ብላለች።

አቶ ፍቅረማርያም ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና የልብ ወዳጃቸውን አቶ ኢብራርን ትተውልን ሄደዋል። አምላክ ደካማ ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ እኛንም ከእምቢታቸው እንዳናንስ ይርዳን። አሜን።