የማዳም ኦዴት ግንብ

በእኛ ጊዜ ግንበኛ መዶሻውን አስቀመጠ ማለት እንጀራውን አስቀመጠ ማለት ነው፤ እናንተ ዛሬ አንዱን ሥራ ለቃችሁ ነገ ኤርፖርት ሌላ ሺፍት ትጀምራላችሁ፣ እኔ ግን ያኔ ፈረንሳይ፣ አንዲት የገጠር መንደር ውስጥ ነኝ፣ ፔፐሬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለቴ ነው፣ እንኳ ገና አላለቀም። ታዲያ እዚያ መንደር አንድ የጥንት የምሽግ ቤት አለ፣ ቤት ስላችሁ እዚህ ሚኒሶታ እንዳለው የብሉሚንግተን አፓርትመንታችን እንዳይመስላችሁ፣ ግድግዳው ሁለት ክንድ ይወፍራል፣ በሩ ፎቅ ላይ ነው፣ ድሮ በመሰላል ወጥተው መሰላሉን ወደ ላይ ይስቡት ነበር አሉ፣ በመስኮት ፈንታ ደግሞ ቀስት የሚወረወርበት ቀጭን ሽንቁር ነው ያለው። ጦር ሲመጣ የመንደሩ ሰው ልጁንና እህሉን ይዞ እዚያ ይገባ ነበር። እኔ ስደርስ የሚኖሩበት ማዳም ኦዴት የሚባሉ ባልቴት ናቸው፣ ሰማንያ ያለፋቸው፣ ብቻቸውን።

ታዲያ አለቃዬ፣ ኮንትራክተሩ፣ "ግንቡ ተሰንጥቋል፣ ሰው ላይ ሳይወድቅ ይፍረስ" ብሎ ለከንቲባው ጻፈ፤ እና እኔን "ሂድ እየው" አለኝ። ሄድኩ። ስንጥቅ አለ፣ አልዋሽም። እና አባቴ እንዳስተማረኝ ቀጭን መስታወት ስንጥቁ ላይ አግድሜ በጀሶ ለጠፍኩ፤ ግንቡ የሚንቀሳቀስ ከሆነ መስታወቱ ይሰበራል፣ ካልሆነ አይሰበርም፣ ይኸው ነው። የብርዱን ወራት ሙሉ እየተመላለስኩ አየሁት፣ ምንም አልሆነ። አለቃዬን "ጌታዬ፣ ግንቡ ደህና ነው" ብለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? አፍንጫውን እንዲህ ነፍቶ፣ "አንተ ድንጋይ ተሸከም፣ አስተያየት ማን ጠየቀህ?" ለካ የፈለገው ድንጋዩን ነው፤ የተጠረበ የጥንት ድንጋይ ሀብታሞች ለቪላቸው ይሻሙበታል።

የስብሰባው ዕለት አዳራሹ ሞልቷል፣ ማዳም ኦዴት ከዘራቸውን ይዘው ከፊት ተቀምጠዋል። ከንቲባው "ግንቡን ያየው ሠራተኛ ማነው?" ሲል አለቃዬ ጆሮዬ ስር "ሊወድቅ ነው በል፣ አለዚያ የሥራ ወረቀትህን አልፈርምም" አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሚስቴና ልጄ የስደተኞች ካምፕ ናቸው፣ ወደ እኔ ለመምጣት ያችን ፊርማ ነው የሚጠብቁት። እና ተነሳሁ፣ በሰባራ ፈረንሳይኛዬ "ተሰንጥቋል" አልኩ፣ አለቃዬ ፈገግ አለ፣ "ግን ስንጥቁ ከእናንተ አያቶች በዕድሜ ይበልጣል። ግንቡ አይወድቅም። ያላመነ አሁኑኑ አብሮኝ ይምጣ።"

መጡ። ከንቲባው ራሱ መስታወቱን በጣቱ ዳሰሰው፣ ሙሉ ነው። ግንቡም ሳይፈርስ ቀረ፣ እኔም በዚያኑ ቀን ከሥራ ተባረርኩ። በማግስቱ ማዳም ኦዴት አስጠርተው ቁልፍ ሰጡኝ። "ማዳም፣ እኔ እኮ አሁን ሥራ የለኝም" አልኳቸው። "ይህ ቤት መቼ ሥራህ ምንድነው ብሎ ሰው አስገብቶ ያውቃል?" አሉኝ። ሁለት ዓመት እዚያ ኖርኩ፣ እስከዚያ የሚስቴና የልጄ የስደት ጉዳይ በሌላ በኩል አልቆ ከካምፑ ወደ ሚኒሶታ ሄዱ፣ እኔም ተከተልኩ።

(እዚህ ላይ ልጃቸው አቋረጠቻቸው።)

"አባዬ፣ ያንን ሁለት ዓመት እኔና እማዬ ካምፕ ነው ያሳለፍነው።"

አውቃለሁ ልጄ። አውቃለሁ። ዛሬም ቢጠይቁኝ ተነስቼ ያንኑ ነው የምለው።

"እማዬ ግን እስከ ዛሬ አልማረችህም።"

(አባትየው ሳቁ።) አትማረኝ። ግንቡ ቆሟል።