ቀጭን ክር ለወፍራም ድምፅ

«ቤቶች! እንዴት ዋላችሁ? ሸጊቱዬ፣ አለሽ? ተይ አትነሺ፣ ለበላይነሽ ደሞ መነሣት ምን ይሉታል! ወንፊት ልዋስ ብዬ ነው። የዘንድሮ ዱራ ማሽላ እኮ ግማሹ ነቀዝ ነው… ይሁን፣ ነቀዙም ሥጋ ነው። ትናንት ከመተማ በመጣው ሎሪ አንዲት እንግዳ ወርዳብኝ፣ አጥሚት ላደርግላት ነው። ሆዷ እህል ረስቷል፣ ምስኪን።»

በላይነሽ ወንፊቱን ተቀበለች እንጂ አልሄደችም። በራኩባው፣ በሣር ዳሱ ጥላ ሥር፣ ዱራ ከምትለቅመው ከሸጊቱ ጎን እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው፤ የሱዳኗ ገዳሪፍ ከድርቅ በተረፈ ሰው ተጨናንቃለች። እንዲያም ሆኖ ሸጊቱ እሑድ ልጇን ማሬን ትድራለች። ከሸንበቆው አጥር ወዲያ ሙሽራው፣ ለገዛ ሰርጉ ራሱ ሊጫወት፣ የቤዝ ጊታሩን ክር ይቀይራል። ማሬን የጠየቀው «ሚስቴን ረሃብ መንገድ ላይ ነጠቀኝ፤ በእጄ ቀበርኳት» ብሎ ሸጊቱን አስለቅሶ ነው።

በላይነሽ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ ለሸጊቱ ሳይሆን ለአጥሩ በሚበቃ ልክ።

«ኧረ ይኼ ምንድን ነው? እሸት የበላ አህያ ጓሮ ገባብሽ እንዴ?… ጊታር ነው ለካ! አፌን ይቁረጠው። ያዕቁብ፣ ያ ከካርቱም ዕቃ የሚያመጣው፣ ለሙሽራሽ ሁለት ዓይነት ክር ዘርግቶለት ነበር አሉ። የዘፋኙ የዳምጤ ድምፅ እንደሆነ በአቧራው ወርዷል፤ ጊታሩም አብሮት መውረድ አለበት። ‹ዝቅ አድርገህ ከቃኘህ ወፍራሙን ውሰድ፤ ሲወርድም ይጸናል› አለው። ወፍራሙ ግን ጣት ይልጣል። ጊታሩ ላይ የክሩን መቀመጫ በሞረድ ማስፋት ይፈልጋል… ማን ይሠቃያል እቴ! ቀጭኑ ያብረቀርቃል፣ ለስላሳ ነው፣ ገና ማንም ያልነካው… ክሩን ማለቴ ነው! ምነው ቀና አልሽ?

«አልፈርድበትም። ያሳደገው ክራር ነው። ክራር ላይ ዝቅ ማለት ከፈለግሽ ክሩን ታላያለሽ፣ አለቀ። እሱም ያንን ቀጭን ክር አላላው፣ አላላው… አሁን እንደ ረሃብተኛ መቀነት ተንዘላዝሎ እንጨቱን ይገርፋል። ደግነቱ፣ የላላ ነገር አያስጨንቀውም። ይፈታል፣ ሌላ ያስራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሉ የለ? አራት ክር ግን አንድ ወንድ ማሰር አቃተው! ደግሞ ፈገግታው! ሐዘን እንዲህ የሚያምርበት ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ዓመት እንኳ ሳይሞላው!»

የሸጊቱ እጅ ዱራው ላይ ዘገየ።

«ብርታቱስ ብትይ… ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ። ሐሰት! ብልህ ሰው አስቀድሞ ፈትቶ ነው የሚሮጥ። ያን ሁሉ በረሃ፣ ውኃ በሌለበት፣ ያን የሚያህል ጊታር በጀርባው! ሌላው እናቱን ያዘለ፣ ልጁን ያዘለ ነው የገባው። ሰው በረሃብ ቀልሎ ላባ በሆነበት ጊዜ እሱ ከባዱን መረጠ። እንዲህ ነው ጥበብ መውደድ! አንዲት ጭረት እንኳ የለበትም፤ በነጠላ ጠቅልሎ ነው ያመጣው። አይተሽዋል? የሴት ነጠላ፣ ጥለቱ ቀይ… አሁንም እዚያ አጥሩ ላይ ተሰጥቷል። በእኛ አገር፣ ሌላ ከፈን ሲጠፋ፣ የሞተች ሴት በነጠላዋ ነበር የምትቀበር። የእሱ አገር ልማድ ሌላ ሆኖ ይሆናል፤ ሚስት ባዶዋን ትገባለች፣ ጊታር ይከፈናል። አገሩ አገር ነው፣ ምን ይባላል?

«እንግዳዬም ሌሊቱን በብርድ ስትንቀጠቀጥ አደረች። ‹ነጠላሽስ?› ብላት፣ ‹ተኝቼ ሳለሁ ወሰዱብኝ› አለች። ‹ማን?› አልኳት… ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሌባ ይሆናል። መንገዱ መቼም ሌባ አያጣ።»

ከአጥሩ ወዲያ ክሩ ጸጥ አለ። ሸጊቱ ዞራ ቀዩን ጥለት አየች፤ የያዘችው ዱራ ከመዳፏ ፈሰሰ። በላይነሽ ቀሚሷን አራግፋ፣ ወንፊቱን ብብቷ ሥር አድርጋ ተነሣች።

«ኸላስ፣ ጨረሰ መሰለኝ። እኔም ልሂድ፣ አጥሚቱ ዘገየብኝ። በይ እንግዲህ፣ ጋብቻውን የአብርሃምና የሣራ ያድርገው። ክፉ ቀን ዳግመኛ ቢመጣ፣ ማሬንም እንደ ጊታሩ አዝሎ ያሻግራት። የሙሽራው እጅ ይባረክ! ምን ያህል ቅዱስ እጅ ቢሆን ነው፣ እሱ የቀበራት ሣህሊቱ ተነሥታ እኔ ቤት አጥሚት የምትጠብቀው? እሑድ መጥታ በገዛ አፏ እንድትመርቃችሁ ፈቃዱ ይሁን… ነጠላዋን ብቻ ይላክላት፤ ባዶ ትከሻዬን ለባሌ ሰርግ እንዴት እመጣለሁ ብላ አፍራለች።»