የተማረከችው ዘንዶ

የምስክር ቃል

ጉዳዩ፦ ተወሰደ ስለተባለ አንድ የመጫወቻ ካርድ
የምስክሯ መጠሪያ፦ እትዬ መቀስ (ምስክሯ በመታወቂያ ስማቸው የሚያውቃቸው ሰው እንደሌለ በመግለጻቸው በሠፈር ስማቸው ተመዝግቧል)
ዕድሜ፦ 52 (ምስክሯ 48 ብለው ነበር፤ መታወቂያቸው ታይቶ ተስተካክሏል)
ሥራ፦ የሴቶች ፀጉር ቤት ባለቤት
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ ጎን ያለው ሕንፃ፤ ፀጉር ቤቱ ምድር ላይ፣ መኖሪያቸው ከበላዩ
ቀንና ሰዓት፦ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት
ከተጠርጣሪው ጋር ያላቸው ግንኙነት፦ ሚስት

በተጠርጣሪነት የተያዘው ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ባለቤቴ ነው። ሠፈሩ ጋሽ ፍሬን ይለዋል። በባሌ ላይ ለመመስከር እንደማልገደድ መርማሪው ነግሮኛል። እኔም ይህን ዕድል ሃያ ሰባት ዓመት ስጠብቀው እንደኖርኩ ገልጬ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ቃሌን ለመስጠት ተቀምጫለሁ። መርማሪው ይሄም ይጻፍ ወይ ብሎ ጠይቆኝ፣ ይጻፍ እንጂ ብያለሁ።

ባለቤቴ አምና ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ቤት መዋል አልሆነለትም። ጠዋት ጠዋት ወደ ፀጉር ቤቴ እየወረደ ማበጠሪያዎቼን በቁመት ይደረድራል። ወረፋ የሚጠብቁ ደንበኞቼን ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ ይላል። አንዲት ሴት ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ እንቅልፍ ወስዷት ሳለ፣ መጨረሻ ደርሰናል ብሎ ቀስቅሷት ቢጎዲኗን ሳትፈታ ልትወጣ ነበር። ምን በወጣኝ ነው ይሄን ሁሉ የምችለው እያልኩ ፈጣሪዬን አማርር እንደነበር አልክድም።

ሴት ልጃችንን የሚያገባት ወጣት መነጽር ሠሪ ነው። ወላጆቹ በልጅነቱ ስለሞቱበት ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት፤ የአሁኗ አቤት ባይ ማለት ነው። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን የመጣ ዕለት እሱም አይናገር፣ ባሌም አይናገር፣ ሁለቱም ምንጣፉን እያዩ ተቀመጡ። ልጄ በዓይኗ ለመነችኝ። እኔ ደግሞ ሥራዬ ከሰው ጋር ማውራት ሆኖ ሳለ የዚያን ዕለት አንደበቴ ተሳሰረ። በዚህ መሐል ልጁ ከኪሱ አንድ እሽግ ካርድ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የጭጋግ መንግሥት የሚባል ጨዋታ ነው። ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው ግንብ አላቸው፤ ዘንዶም ግዙፍም ጠንቋይም የተሳለባቸውን ካርዶች በየተራ እየጣሉ ይዋጋሉ፣ ግንቡ ቀድሞ የፈረሰበት ይሸነፋል።

ባለቤቴ መጀመሪያ በግማሽ ዓይኑ ነበር የሚያየው። ከዚያ ጥያቄ ጀመረ፣ ጥያቄውም ማለቂያ አልነበረውም። አሁን የጣልኩት ፍጡር ለምን አሁኑኑ አይመታም፣ እጅ የለውም ወይ ሲል ልጁ በትሕትና፣ ገና መድረሱ ነው ጋሼ፣ ትንሽ ይረፍ፣ በሚቀጥለው ተራ ይመታል አለው። ግዙፉ ሲሞት የሰጠሁት ሰይፍ ለሌላው አይተላለፍም ወይ ብሎ፣ አይ፣ አብሮት መቃብር ይገባል ሲባል ባለቤቴ ለሰይፉ ከልቡ አዘነ። በጣም ያከራከራቸው ግን አንዱ ካርድ ሲጥል ሌላው በምላሹ ሌላ ቢጥልበት የማንኛቸው ይቅደም የሚለው ነበር። ልጁ፣ መጨረሻ የተጣለው መጀመሪያ ይሠራል ሲለው ባለቤቴ ጠረጴዛውን በጥፊ መትቶ፣ "ታዲያ እንደሱ አትልም! መጨረሻ የተሳፈረ መጀመሪያ ይወርዳል፣ በሩ ላይ ነዋ የቆመው!" ብሎ ጮኸ። ልጁም ቤታችን ከገባ ለመጀመሪያ ጊዜ ከት ብሎ ሳቀ። ልጄ ከጓዳ ሆና እፎይ ስትል ሰማኋት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ልጁ ማታ ማታ ከሥራ ሲወጣ ይመጣል። ፀጉር ቤቱን ስዘጋ በጥፍር መሥሪያ ጠረጴዛዬ ላይ ይጫወታሉ። የዛሬ ሦስት ሳምንት ገደማ ባለቤቴ ማማለያ የሚባል ካርድ ጣለ። ይህን ካርድ የጣለ ሰው ከተጋጣሚው ፍጡሮች አንዱን መርጦ ወደ ራሱ ሜዳ ያሻግራል፤ ከዚያ ወዲያ የሚታዘዘው ለሱ ነው። ባለቤቴም ጥቁሯን ዘንዶ መረጠ። ጥቁሯ ዘንዶ ልጁ የመነጽር ሥራ ትምህርቱን የጨረሰ ዕለት እህቱ ከጉሮሮዋ ነጥቃ የገዛችለት ካርድ ናት። ባለቤቴ ዘንዶዋን ወደ ራሱ እየጎተተ፣ እስከ መቼ ነው የምትታዘዘኝ አለ። ልጁ፣ ጨዋታው እስኪያልቅ ነው ጋሼ፣ ካርዷ የኔ ናት፣ የሚያዝዟት እርስዎ ነዎት፣ ጨዋታው ሲያልቅ ሁሉም ካርድ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል አለው። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ባለቤቴ ሕጉን አላውቅም ቢል ይዋሻል።

በዚያው ቅጽበት ልጄ የሠርግ ቀሚሷን ለመለካት ለብሳ ገባች፣ ሁላችንም ተነሳን፣ ጨዋታው ተቋረጠ። ነገ እንጨርሳለን ብለው ካርዶቹን እንዳሉ በፎጣ ሸፈኗቸው። በነጋው አልጨረሱም። በሳልስቱም አልጨረሱም። በየማታው ፎጣውን ገልጠው ይቀመጣሉ፣ አንዱ ካርድ ሳይጥል አልፌያለሁ ይላል፣ ሌላው አልፌያለሁ ይላል፣ ከዚያ ስለ አውቶቡስና ስለ መነጽር ሲያወሩ ያመሻሉ። እኔ እስከዛሬ የደንበኞቼን ጥፍር የምሠራው ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ነው። ባለቤቴ ደግሞ የፀጉር ቀለም እንዳይነካት ብሎ ዘንዶዋን ብቻ ማታ በመንጃ ፈቃዱ ማኅደር ከትቶ ወደ ቤት ያወጣታል፣ በነጋው ማታ ሲጫወቱ ይመልሳታል።

ባለፈው ሳምንት ወለል ስጠርግ ቀና ብል፣ ልጁ የያዛቸው ካርዶች በሙሉ በመስታወቱ ይታያሉ። ልጁ ጀርባውን ለመስታወቱ ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው፣ ባለቤቴ ደግሞ ፊት ለፊቱ ነው። ከካርዶቹ አንዱ የጨረቃ ጦር ነው። የጨረቃ ጦር የባለቤቴን ግንብ በአንድ ውርወራ ይንደዋል፤ ስለሱ ሲያወሩ ሳምንት ስለሰማሁ በደንብ አውቃለሁ። ልጁ ያንን ይዞ አልፌያለሁ አለ። ደንግጬ መጥረጊያዬን ጣልኩት። ቤት እንደገባን ባለቤቴን፣ አንተ ሰውዬ፣ በስተርጅና የሰው ካርድ በመስታወት ታያለህ አልኩት። ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ "ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አይቻለሁ። ዝም በይ" አለኝ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ተውኩት እንጂ አልገባኝም ነበር። የሚያጭበረብር ሰው ለማሸነፍ ነው የሚያጭበረብረው፤ ይሄ ግን አያሸንፍ፣ አይሸነፍ።

ትናንት ሰኞ ጠዋት ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ ቆመን ሳለ ባለቤቴ ዘንዶዋን አውጥቶ ለዳቦ ጋጋሪው፣ እያት፣ በእጄ የማረክኳት ናት እያለ ያሳያል። የልጁ እህት ከኋላችን መቆሟን አላየንም። እሷም፣ ይቺ ካርድ የወንድሜ አይደለችም ወይ፣ ለምን አልመለሱለትም አለችው። ባለቤቴ ጨዋታው አላለቀም ቢላት ነገሩ እዚያው ይቆም ነበር። እሱ ግን ሰው ሁሉ እያየው ስለነበር ደረቱን ነፍቶ፣ ማርኬያታለሁ፣ ምርኮ ይመለሳል ወይ አላት። እህትየው ከአንቱታ ወደ አንተ ወረደች። አባት የሌለውን ልጅ ንብረት በኪስህ ይዘህ ትዞራለህ፣ እንዲህ ያለ ቤት ሠርግ ላይ እግሬን አላነሳም፣ ሕግ ፊት እንገናኛለን ብላ ዳቦዋን ሳትገዛ ሄደች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያሳደገችው እህቱ ያልቆመችበት ሠርግ ምን ሠርግ ይባላል? ልጄ ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ ጢሙን ሲላጭ ዘንዶዋን ከመንጃ ፈቃዱ ማኅደር አውጥቼ በቦርሳዬ ይዤ ወደ ልጁ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ካርዷን የወሰድኩት እኔ መሆኔ እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ። ልጁ ሌንስ ሲሞርድ ነበር። ካርዷን ፊቱ አስቀምጬ፣ እንካ ልጄ፣ ገላግለኝ አልኩት። ደስ ይለዋል ስል ፊቱ ተለዋወጠ። "እትዬ፣ በሞቴ፣ ጋሼ ሳያዩ ወደነበረችበት ይመልሱልኝ" አለኝ። ለምን ብለው መሞረጃውን አጠፋ። ከዚያ፣ እሷን ከተቀበልኩ ጨዋታው አለቀ ማለት ነው፣ ጨዋታው ካለቀ ምን ብዬ በየማታው እመጣለሁ አለኝ። አንተ ልጅ፣ ልጄን ልታገባ አይደለም ወይ፣ አማች ለመምጣት ምክንያት ያስፈልገዋል ወይ ብዬ ተቆጣሁት። እሱም፣ አማችማ እንግዳ ነው እትዬ፣ ፀጉሩን አበጥሮ ይመጣል፣ ተጋብዞ ይሄዳል፤ ጋሼ ግን በሩን ስከፍት "ና ልጄ፣ ተራህ ነው" ይሉኛል፣ እንደዚህ ብሎ የሚጠብቀኝ አባት ኖሮኝ አያውቅም አለኝ።

እንባዬን ለመደበቅ ስል፣ የጨረቃ ጦር ይዘህ ስታልፍ እኮ ጋሼህ በመስታወት ያይሃል አልኩት። ልጁ ሳቀ። "ወንበሩን የመረጥኩት እኔ ነኝ እትዬ። ሥራዬ እኮ መስታወት ነው" አለኝ። ከዚያ የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ ሰጥቶኝ በሱ አለቀስኩ፤ ጨርቁ ይህን ቃል ስሰጥም በእጄ ነበር።

ዘንዶዋን ልመልሳት ቤት ስደርስ ፖሊሶች ባለቤቴን ይዘውት ሄደዋል። ሲፈተሽ ማኅደሩ ባዶ ሆኖ ተገኘ። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ ማለት ይሄ ነው። ምርመራ ላይም ማርኬያታለሁ፣ ሌላ ቃል የለኝም ከማለት በቀር እንዳልተናገረ ተነግሮኛል። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ አገኘሁት። እጄን ይዞ የጠየቀኝ ስለ እስር አይደለም። "ዘንዶዋን ጣልኳት፣ ልጁን ምን ብዬ ዓይኑን አየዋለሁ" ነው ያለኝ። ጠረጴዛዬን ሦስት ሳምንት የወሰደብኝን አስቤ ትንሽ እንዲጨነቅ ተውኩት። ከዚያ አላስቻለኝም፣ ቦርሳዬን ከፍቼ አሳየሁት፤ ካርዷን በኋላ ለመርማሪው አስረክቤያለሁ።

ባለቤትዎ ካርዱን አልመልስም ብሏል፣ ይህ ስርቆት አይደለም ወይ ተብዬ በመርማሪው ተጠይቄ ስመልስ፣ አይደለም ብያለሁ። ካርዷ የልጁ ናት፣ ባለቤቴ ያዝዛታል፣ ጨዋታው አላለቀም። አንደኛው ማሸነፍ እየቻለ አያሸንፍም፣ ሌላኛው ይህን በመስታወት እያየ አይናገርም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። አቤት ባይዋ በመርማሪው ፈቃድ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ይህን ሁሉ ስትሰማ ቆይታ፣ ለኔ ለምን አልነገረኝም ብላ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ለኔስ ማን ነገረኝ አልኳት። ጨርቁን አቀበልኳት። ቆይታ፣ ሠርጉ ላይ የምለብሰው ቀሚስ ትናንት ከልብስ ሰፊ ወስጄ ደብቄዋለሁ፣ አሁን ላወጣው ነው አለችኝ። ፀጉሯን እኔ እንደምሠራላትም ተስማምተናል።

በመጨረሻም መርማሪው፣ ሁለት ጦር በአንድ ተራ መወርወር ይቻላል ወይ ብሎ ጠይቆኝ፣ ይህ ለመዝገቡ ያስፈልጋል ወይ ስለው፣ አያስፈልግም፣ ለራሴ ነው ብሏል። አይቻልም ብዬዋለሁ።

ይህ ቃሌ ለባለቤቴም ለልጁም እንዳይነበብ እለምናለሁ። ሁለቱም ያውቃሉ፣ ግን አንዱ ለሌላው ጮክ ብሎ ከተናገረው ያልቃል። ከዚህ ሌላ የምጨምረው የለኝም። ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲነበብልኝ ሰምቻለሁ፣ እውነት መሆኑንም አረጋግጣለሁ። የምቃወመው ዕድሜዬ ላይ የተደረገውን ማስተካከያ ብቻ ነው።

የምስክሯ ፊርማ፦ ተፈርሟል
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ተፈርሟል
አቤት ባይ፦ አቤቱታዬን በፈቃዴ አንስቻለሁ። ተፈርሟል

የኤግዚቢት ርክክብ
ዕቃው፦ አንድ ካርድ፣ ጥቁር ዘንዶ የተሳለበት፣ ጉዳት የሌለው
ባለቤት፦ መነጽር ሠሪው። በአካል ቀርቦ "ለጋሼ ስጧቸው" በማለት ፈርሟል
ተረካቢ፦ ጡረተኛው ሾፌር። ፈርሟል
ለባለቤቱ የሚመለስበት ቀን፦ ጨዋታው ሲያልቅ